የለገሃር ሰዓት

ሊካሳ የጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መሬት የማይደርስ እግሩን እያወዛወዘ ብስኩት ይበላ ነበር። ግቢው ጭር ብሏል። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች የቀረው እሱ ብቻ ነው።

አያንቱ መጀመሪያ ወንድሟ መሆኑን አላመነችም። ከሂባ ጋር ከመረብ ኳስ ልምምድ ሲመለሱ በዚያ በኩል ያለፉት በአጋጣሚ ነው፤ ሂባ የሞባይል ካርድ ልትገዛ ስለፈለገች።

«ያ ሊካሳ አይደለም እንዴ?» አለች ሂባ።

«አይሆንም። በዚህ ሰዓት እቤት ነው።»

«ሹራቡን አላውቀውም? ያ ቀሽም ዳክዬ ያለበት!»

ሊካሳ አያቸውና ብስኩቱን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። «ጋሼ ሰጡኝ! ሙሉውን!»

ጥበቃው አጠገቡ ቆመዋል። «አያታችሁን ዛሬ ምን ነካቸው?» አሏት። «ሌላ ሰው ቢሆን እናታችሁ ጋ ደውዬ ነበር። ጋሽ ገቢሳ ናቸው፣ አሁን ይመጣሉ እያልኩ ነው የቆየሁት። እሳቸው እኮ አርፍደው አያውቁም።»

እውነታቸውን ነው። አቶ ገቢሳ ቂርቆስ ሰፈር የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ በባቡርና ባለማርፈድ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ፣ የጣቢያ ኃላፊ ሆነው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተዛወሩ ሲሆን ጡረታ የወጡት ለገሃር ላይ ነው። ባቡሩ ራሱ ጡረታ የወጣው ከእሳቸው በኋላ ነው። አሁን ያላቸው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ሊካሳን ከትምህርት ቤት ማምጣት። ታዲያ ተራ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ነው የሚወጡት።

አያንቱ ወንድሟን አዝላ ወደ ቤት ሮጠች። ሂባ ሁለቱንም ቦርሳ ተሸክማ ከኋላ ትከተላለች። መኪና ገጭቷቸው ቢሆንስ? ወድቀው ቢሆንስ? የሰፈሩን ቅያስ ታጥፋ የግቢያቸውን በር እስክታይ ድረስ አልቆመችም።

አያቷ በሩ ላይ አጭሯ ዱካ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ኮት ለብሰዋል፤ ቆብ ደፍተዋል፤ ጫማቸው ያብረቀርቃል።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

«ምን እሆናለሁ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሊካሳን ጀርባዋ ላይ አዩት። «ዛሬ በጊዜ ለቀቋቸው እንዴ?»

«በጊዜ? ከወጣ እኮ ቆየ!»

አቶ ገቢሳ የኮታቸውን እጅጌ ሰብሰብ አድርገው የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩዋት። «ገና አራት ሰዓት ነው፤ ይኸው እዪው። እሱ የሚወጣው በዘጠኝ አይደል?»

አያንቱ ሰዓቱን አየችው። አጭሩ ቆጣሪ አራት ላይ ነው። ለአፍታ ምንም አልገባትም፤ ከዚያ ግን ገባት።

ያ ሰዓት እንደ ሌላው ሰው ሰዓት አይቆጥርም። ባቡሩ የሚሄደው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለነበር፣ ለሰፈሩ ሰው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ የሆነው በባቡሩ ሰዓት ሦስት ነው። አቶ ገቢሳ ጡረታ ሲወጡም ሰዓታቸውን አላስተካከሉትም። «ይሄ የለገሃር ሰዓት ነው» ይላሉ፣ በኩራት። ቆጣሪው ሦስት ላይ ሲሆን አይተው «ዘጠኝ ሰዓት» ይላሉ፤ አምስት ላይ ሲሆን «አሥራ አንድ»። ማሰብ እንኳ አያስፈልጋቸውም። አያንቱንም ሰዓት ያስተማሯት እንዲያ ነው፤ የግቢው ግንብ ላይ በከሰል ክብ ሥለው። አንደኛ ክፍል እያለች መምህሯ አሥራ አንድ ሰዓትን እንድትሥል ቢያዟት አጭሩን ቆጣሪ አምስት ላይ አቆመችው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ «ፈረንጇ» ስትባል ኖረች።

ዛሬ አያቷ ሰዓታቸውን እንደ ማንም ሰው ሰዓት አነበቡት።

«አራት…» አሉ አቶ ገቢሳ ቀስ ብለው። ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። መልሰው ሰዓታቸውን አዩ። አያንቱ እንዲያ ያለ ፊት አይታባቸው አታውቅም፤ የገዛ ቤቱ ቁልፍ አልከፍት ያለው ሰው ይመስሉ ነበር።

ሊካሳ ከጀርባዋ ወርዶ ወደ ግቢ ሮጠ። አያቷ እጇን ያዙ።

«አያንቱዬ፣ ለእናትሽ አትንገሪያት። ይሄን ልጅ ከወሰደችብኝ ምን ቀረኝ?»

«እሺ አባባ።»

«ቃል?»

«ቃል» አለች። ምን ትበል?

ሂባ ቦርሳዋን ስታቀብላት አልሳቀችም። «ማለቴ… አያገባኝም፤ ግን ሲሪየስ ነገር ነው» አለቻት በሹክሹክታ። «የኔንም አያት፣ እማማ ዙለይካን፣ እንደዚህ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ሁላችንም ስንስቅ ነበር። በቃ፣ በኋላ መሳቁን ተውነው።»

እናታቸው መድኃኒት ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። አባታቸው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት ማለት ይቻላል። የዚያን ቀን የሆነውን አልሰማችም፤ ሊካሳ የነገራት ስለ ብስኩቱ ብቻ ነበር። ሌላ ሌላውን ግን ታያለች። አባቷ አቶ ገቢሳ አንዱን ወሬ በአንድ እራት ላይ ደጋግመው ያመጡታል። የበሩ ቁልፍ ስኳር ዕቃ ውስጥ ተገኝቷል። ለቅሶ ቤት ሄደው ስለ ሟቹ ጤንነት ጠይቀው፣ ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያይቷል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ቆረጠች። «አባዬ፣ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ። ማስታወስን የሚመረምሩ ዶክተር አሉ።»

«ጭንቅላቴን ሊመዝኑት ነው?» አሉ አቶ ገቢሳ። «ሚዛኑን እንዳይሰብረው ንገሪያቸው።»

ሊካሳ ሳቀ። አያንቱም ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው እሑድ አያቷ «ነይ እንናፈስ» አሏትና ለገሃር ሄዱ። የጣቢያው በር ተዘግቷል። ታክሲዎቹ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! ሁለት ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ከአጥሩ ወዲያ ግን ዝምታ ነው። በሐዲዱ መሐል ሣር በቅሏል። አቶ ገቢሳ የአጥሩን ብረት ይዘው ቆሙ።

«አባባ፣ ጣቢያዎቹን ይንገሩኝ እስቲ» አለች። ልትፈትናቸው ፈልጋ ነበር፤ በሐሳቧ ግን አፈረች።

«አቃቂ» አሉ ወዲያው። «ዱከም። ደብረ ዘይት። ሞጆ። ናዝሬት። ወለንጪቲ። መተሐራ። አዋሽ…»

አዋሽ ላይ ቆም አሉ። የረሱ መስሏት ደነገጠች። እሳቸው ግን ድልድዩን እየተሻገሩ ነበር። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ተሳፋሪው ወሬውን አቋርጦ እንዴት ወደ ገደሉ እንደሚያይ ነገሯት። ከዚያ ቀጠሉ፤ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም። አፍደም ላይ የሚጫኑት ፍየሎች ሽታ ከፉርጎው እስከ ድሬዳዋ አይለቅም። ኤረር ላይ መብርሂት የምትባል ሴት ብርቱካን ትሸጥ ነበር፤ ብርቱካኑን ሳትቆርጥ በጣቷ ጠንቁላ ጣፋጭና ኮምጣጣውን ትለያለች። ሁርሶ። ድሬዳዋ። ከዚያ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ እስከ ባሕሩ ድረስ።

አያንቱ አፏን ከፍታ ቀረች። የጂኦግራፊ ፈተና የጨረሰች ቀን ወንዞቹን በሙሉ ረስታ ነው የምትወጣው። እሳቸው ውስጥ ግን አንድ አገር ከነሽታው፣ ከነብርቱካኑ ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት ቁርስ መብላታቸውን ረስተው ድጋሚ ያቀረቡት ሰውዬና ይሄኛው አንድ ሰው ናቸው? እንዴት ነው ያኛው ሁሉ ተርፎ የዛሬው ጠዋት ብቻ የሚጠፋው? ቀና ብላ ቆባቸውን አየችው። ከዚያ ጨርቅ በታች ያለውን ነገር ፈራችው፤ አከበረችውም።

«ሁሉንም በቃልዎ ያውቁታል!»

«ማወቅማ ምን ዋጋ አለው» አሉ እጃቸውን ከአጥሩ አንሥተው። «መስመሩ አንድ ነው። ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ከመጣ መተላለፊያ የለም፤ ጣቢያ ላይ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ባቡር ከመልቀቄ በፊት ቀጣዩን ጣቢያ በስልክ እጠይቃለሁ። ‘መስመሩ ነፃ ነው?’ እላለሁ። ‘ነፃ ነው’ ካለኝ እለቃለሁ። ካላለኝ፣ ሚኒስትር ቢሳፈርበትም አይንቀሳቀስም።»

«ነፃ መሆኑን እርግጠኛ ከሆኑስ?»

«ያኔም እጠይቃለሁ። እርግጠኛ ነኝ የሚል ሰው ነው የሚያስፈራኝ። አየሽ፣ ሰው የራሱን መስመር የሚያየው እስከ መታጠፊያው ድረስ ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን የሚያይለት ሌላ ሰው ነው።»

ትንሽ ከተራመዱ በኋላ ዘወር ብለው አዩዋት። «አያንቱዬ፣ ጣቢያዎቹን ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም አባባ» አለች። «ይንገሩኝ።»

እንደገና ከአቃቂ ጀመሩ።

ማክሰኞ መድኃኒት ከሥራ ፈቃድ ወሰደች፤ አያንቱም ትምህርት ቤት አስፈቅዳ አብራ ሄደች። ሐኪም ቤቱ ካዛንቺስ፣ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ፎቅ በሆነበት ሰፈር ውስጥ ነው። ተራ ሲጠብቁ አያቷ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ሄዱና ፊቱ ቆሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያንቱ አየች። ለምን እንደሆነ የገባት ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

ዶክተር ራቢያ ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ የማይቸኩል። «አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብላ ጀመረች።

አቶ ገቢሳ ወሩንም፣ ቀኑንም፣ ዓመተ ምሕረቱንም ሳይሳሳቱ ተናገሩ።

«ጎበዝ! አሁን አምስት ቃላት እነግርዎታለሁ። ቆየት ብዬ እጠይቅዎታለሁ፤ ያስታውሱልኛል። ጃንጥላ፣ ብርቱካን፣ መርፌ፣ ከበሮ፣ ድልድይ።»

ከዚያ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት አስቀነሰቻቸው፤ ሥዕል አሳየቻቸው። አቶ ገቢሳ አንዳንዱን መለሱ፤ አንዳንዱ ላይ ተደናቀፉ። መድኃኒት የቦርሳዋን ማንገቻ ታጥፋለች ትዘረጋለች።

«አሁን ቅድም የነገርኩዎትን ቃላት?» አለች ዶክተሯ።

አያንቱ በልቧ «ጃንጥላ፣ ጃንጥላ፣ ጃንጥላ» ትላለች። አያቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እሷ አጠገባቸው ስለነበረች ሰማችው። «አቃቂ…» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጃንጥላ» አሉ። «ዱከም… ብርቱካን። ደብረ ዘይት… መርፌ። ሞጆ ከበሮ ነው። ናዝሬት…» ትንሽ ቆዩ። «ናዝሬት ላይ ድልድይ አቆምኩ። በቦታው አልነበረም፤ ግን አቆምኩት።»

ዶክተር ራቢያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምን አሉ?»

«እያንዳንዱን ቃል ጣቢያ ላይ አወረድኩት። ስመለስ ከየጣቢያው አነሣሁ።»

«ማን አስተማረዎት ይሄን?»

«ማን ያስተምረኛል? ዕቃ የትም አይጣልም፤ ጣቢያ ላይ ነው የሚራገፈው።»

ዶክተሯ ከት ብላ ሳቀች። «እኔ የሕክምና ፈተናዬን ሳጠና እንዲህ ዓይነት ነገር ባውቅ ኖሮ!» መድኃኒት እንባዋ ቀረበ፤ ከደስታ ነው። አባባ በገዛ ጭንቅላታቸው ውስጥ በባቡር እየተመላለሱ ነበር።

«የመጨረሻ» አለች ዶክተር ራቢያ፣ ወረቀትና እርሳስ አቅርባ። «ክብ ሰዓት ይሣሉልኝ። ቁጥሮቹን ያስገቡ። ከዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያድርጉት።»

አያቷ ክቡን አሳምረው ሣሉት። ቁጥሮቹን በየቦታቸው አስቀመጡ። ረጅሙን ቆጣሪ ሁለት ላይ አደረጉ። አጭሩ ላይ ሲደርሱ እርሳሱ አየር ላይ ትንሽ ተንጠለጠለ፤ ከዚያ ወረደ። አሥራ አንድ ላይ።

«በጣም ጥሩ!» አለች ዶክተሯ ወረቀቱን እያየች። «ምንም ስሕተት የለውም።»

አያንቱ ወረቀቱን አየች። የአያቷን የእጅ ሰዓት አየች። እንደገና ወረቀቱን።

ለዶክተሯ ልክ ነው። ለእናቷም ልክ ነው። ለማንም ሰው ልክ ነው። ለአባባ ግን ልክ አይደለም። አባባ አሥራ አንድ ሰዓት ሲባሉ አጭሩን ቆጣሪ አምስት ላይ ነው የሚያቆሙት። የግቢው ግንብ ላይ አምስት ላይ ነው ያቆሙት። እሷ ያን ሁሉ ጊዜ የተሳቀባት አምስት ላይ ስላቆመችው ነው። ያ የለገሃር ሰዓት ትቷቸው እየሄደ ነው፤ የሄደበትንም የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱም የቀረው ነገር ትክክል ይመስላል። ልክ የሆነ መልስ እንዲህ ሊያስፈራ እንደሚችል አስባ አታውቅም።

«እንደማየው ውጤታቸው ለዕድሜያቸው ጥሩ ነው» አለች ዶክተር ራቢያ። «አንዳንድ መርሳት ያለ ነው። ሌላ የሚያሳስብ ነገር ካለ ግን ንገሩኝ። ከቤተሰብ የማገኘው ወሬ ከወረቀቱ ይበልጥብኛል።»

«ትንሹን ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጡት እሳቸው ናቸው» አለች መድኃኒት። «መንገድ ያሻግራሉ፤ በቡልጋሪያ መንገድ መኪናው እንዴት እንደሚበዛ እርስዎም ያውቁታል ዶክተር። ይቀጥሉ?»

«ችግር ካልገጠማቸው ምን ገዶ። ገጥሟቸው ያውቃል?»

«ኧረ! አንድ ቀን እንኳ አርፍደው አያውቁም።»

አቶ ገቢሳ አያንቱን አዩዋት። አልለመኗትም፤ አልጠቀሷትም። አዩዋት ብቻ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ዝም ብትል ሁሉም ተደስተው ይወጣሉ። እናቷ መንገድ ላይ ኬክ ትገዛለች። ነገ አባባ ኮታቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ፤ ሊካሳ ይጠብቃቸዋል፤ ወይም ይዘውት መሐል አስፋልት ላይ ሲደርሱ የመጡበት ይጠፋቸዋል። መስመሩን የምታየው እሷ ብቻ ናት። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለችው እሷ ናት።

«ዶክተር» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «የአባባ ሰዓት እንደዚህ አይደለም።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ማለቴ… ልክ ነው፤ ግን የእሳቸው አይደለም። የእሳቸው የባቡር ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ሲሉ አምስት ላይ ነው የሚያደርጉት። ሁልጊዜ። እጃቸው ላይ ያለውን እዩት። እና ባለፈው…» እናቷን አየቻት። «ባለፈው ሊካሳን ሳያመጡት ቀሩ። ሰዓታቸው አራት ሲል ‘ገና ነው፣ ዘጠኝ አልሆነም’ ብለው ተቀምጠው ነበር። ጥበቃው ናቸው ብስኩት የሰጡት።»

መድኃኒት ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«አልነግርሽም ብዬ ቃል ገብቼ ነበር።»

«ልጄ ብቻውን ትምህርት ቤት ቀርቶ አንቺ ደበቅሽኝ? አያንቱ!»

«አትቆጫት» አሉ አቶ ገቢሳ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። «ደብቂ ያልኳት እኔ ነኝ። የተናገረችው ልክ ነው።»

ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡና የእጅ ሰዓታቸውን አጠገቡ አድርገው ብዙ ቆዩ። ሁለቱን እያስተያዩ፣ የጠፋ ዘመድ ፎቶ እንደሚያይ ሰው። ከዚያ እርሳሱን አንሥተው አጭሩን ቆጣሪ እንደገና ሣሉት። አምስት ላይ።

«እንዲህ ነበር» አሉ። «እንዲህ ነበር የማደርገው። መቼ እንደተወኝ አላወቅኩም።»

ዶክተር ራቢያ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አላለችም፤ ፊቷ ግን አልጨከነም።

«አባባ፣ ይሄ እብደት አይደለም። የከፋው የመርሳት በሽታ ነው ብዬም ዛሬ አልፈርድም። ማስታወስ ከዕድሜ አልፎ ትንሽ ሲደክም እንዲህ ያደርጋል። አንዳንዱ ሰው በዚያው ዓመታት ይቆያል፤ አንዳንዱ ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ላይ ይብሳል። የእርስዎን ገና አላውቀውም፤ ስለዚህ እየተገናኘን እናየዋለን። ደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎን፣ ጆሮዎን እንመረምራለን። እዚህ ካዛንቺስ መንገድ ሲዘጋ ታክሲው ምን ያደርጋል?»

«ውስጥ ለውስጥ ያቋርጣል» አለች አያንቱ።

«አዎ። የአባባም ጭንቅላት ያን ነው የሚያደርገው። አንዱ መንገድ ሲቆፈርበት በጣቢያዎቹ በኩል ዞሮ መጣ። እኔ ያየሁት መድረሱን ብቻ ነው፤ መንገዱ መዘጋቱን ያየሽው አንቺ ነሽ።» ወደ መድኃኒት ዞረች። «አንድ ነገር አደራ። ሥራቸውን አትውሰዱባቸው። እቤት አስቀምጣችሁ በር ብትዘጉባቸው ቶሎ ይደክማሉ። መራመድ፣ ከሰው መጫወት፣ ልጁን ማምጣት፣ ሁሉም ይጠቅማቸዋል። ብቻቸውን ግን አይሁኑ።»

ሲወጡ መድኃኒት ወደ ሥራዋ መመለስ ነበረባት። አያንቱን ጉንጯ ላይ ሳመቻት፤ ቁጣዋ ግን ከዓይኗ አልወጣም። «ማታ እናወራለን» አለቻት። አያንቱና አያቷ ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁል ወረዱ። አያንቱ በፍርሃት የአያቷን የጫማ ጫፍ እያየች ነው የምትራመደው።

«ቃልሽን አፈረስሽ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ አባባ።» አለቀሰች። «ይቅርታ።»

አቶ ገቢሳ መሐረባቸውን አውጥተው ሰጧት። «ሚኤሶ እያለሁ አንድ ሾፌር ነበር፤ ወልደአማኑኤል የሚባል። ቁጡ ነው። መስመሩ ነፃ አይደለም ብዬ ስይዘው የስድብ ዓይነት ያወርድብኛል። እናቴን፣ አያቴን፣ ጥርሴን ሳይቀር ይሰድባል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይቆማል።» ጥቂት ተራመዱ። «አንድም ቀን አልፎኝ ሄዶ አያውቅም። ጡረታ ስወጣ ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው።»

አያንቱ መሐረቡን ይዛ ሳቀች፤ ማልቀሷንም አላቆመችም። «ሰዓቱን ላስተካክልልዎት? እንደ እኛ ሰዓት?»

«እንዳትነኪው!» አሉ እጃቸውን ሸሽገው። «የለገሃር ሰዓት ነው።»

በማግስቱ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ሂባ ኳሱን ይዛ የክፍሉ በር ላይ ቆማ ነበር። «ነይ እንጂ፣ አሠልጣኙ ቲሙን ዛሬ ነው የሚመርጠው» አለች።

«ዛሬ አልመጣም። ነገም አልመጣም መሰለኝ።»

«ቀልድሽን ነው? ሳትኖሪ ማን ሰርቭ ሊመታ ነው?»

«አንቺ። ከአሁን በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሥራ አለኝ።»

ሂባ ለጥቂት ጊዜ አየቻት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። «አቦ፣ አንቺ ደግሞ» አለችና ኳሱን ብብቷ ውስጥ አድርጋ እስከ ዋናው በር ሸኘቻት። «እማማ ዙለይካንም እኮ ብቻዋን ባንተዋት ጥሩ ነበር» አለቻት ሲለያዩ።

አያንቱ ሮጠች። ማታ ከእናቷ ጋር እንደተስማሙት፣ አባባ ሊካሳን ለማምጣት የሚወጡት ከእሷ ጋር ነው። ሥጋ ቤቱን፣ ጋራዡን፣ የካርድ መሸጫውን አለፈች። አባባ መንገዱን ያውቁታል፤ ልጁንም ናፍቀውታል፤ ተነሥተው ሄደው ቢሆን ማን ይከለክላቸዋል? ቅያሱን ስትታጠፍ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች።

በሩ ላይ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል። ኮት ለብሰዋል፤ ቆብ ደፍተዋል። እጃቸው ላይ ያለው ሰዓት ሦስትን አሳይቶ አልፏል፤ እሳቸው ግን አልተነሡም። ዓይናቸው የቅያሱ መታጠፊያ ላይ ነው።

ሲያዩዋት ቀጥ ብለው ተቀመጡና ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ ተጣሩ። «መስመሩ ነፃ ነው?»

አያንቱ ግራ ቀኙን አየች። «ነፃ ነው!» አለች።

አቶ ገቢሳ ተነሡ።